ምላስ ሥር ያልተገኘችው ክኒን

ቦሌ ቡልቡላ ማታ ማታ ሁለት ድምፅ አለው። አንደኛው ከላይ ነው፤ ለማረፍ ዝቅ ብሎ የሚመጣ አውሮፕላን የመስኮቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ሁለተኛው ከታች ነው፤ ከማርያም ማዞሪያ በኩል የሚሰማው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ። በእኛ ቤት ግን ለአንድ ዓመት ያህል ሦስተኛ ድምፅ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ብርጭቆ ውኃ ይዛ ከታላቅ ወንድሜ ፊት ትቆማለች። ክኒኗን ሲውጥ ትጠብቅና፣

«እስቲ ምላስህን አንሣ፣ ልጄ» ትለዋለች።

አርባ ዓመት ያለፈው፣ ፊደል ያስቆጠረኝ ወንድሜ፣ እስከ ዛሬም «ወንድም ጋሼ» ብዬ የምጠራው ሰው፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሣል። የእናቴ ዓይን ደከም ስላለ መብራት ይዤ የማየው እኔ ነበርኩ። ምላሱ ሥር አንድም ቀን ክኒን አላገኘሁም። ያም ሆኖ መፈለጌን አልተውኩም።

ጥርጣሬው ከእኛ ብቻ የመነጨ አልነበረም። ወንድም ጋሼ መድኃኒቱን ከጀመረ ወራት ቢቆጠሩም ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች አልተውትም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንገቱን ቀና አድርጎ ያዳምጥና «ሰማሃቸው? ስሜን ጠሩት እኮ» ይለኛል። ለክትትል ስንሄድ ያየን አንድ ባለሙያ ካርዱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እንግዲህ እየዋጠው አይደለም ማለት ነው» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የፍተሻ ኬላ ሆነ። ትራሱን ገለበጥን፤ የካፖርቱን ኪስ በረበርን፤ በረንዳ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ አፈር ሳይቀር ጫርን። ጎረቤት «ይኼ የክኒን ነገር አይደለም» ሲል እናቴ ከእንጦጦ ማርያም ጸበል በጀሪካን አስመጣች። ጸበሉን ሲጠጣ ግን ማንም ምላስህን አንሣ አላለውም።

የእኔ ሥራ መጻፍ ነው። ሰው ሲያስጨንቀኝ ወደ መጽሐፍ መሮጥ ልማዴ ነውና፣ ስለዚያች ክኒን ማንበብ ጀመርኩ። አጀማመሬ ወንድሜን የማሳመኛ ክርክር ለማግኘት ነበር። ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለአንባቢም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ አቀረብኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከደም የተገኘው መልእክተኛ

ክኒኗ ሪስፔሪዶን ትባላለች። በአንጎል ውስጥ በዋነኛነት ሁለት በሮችን ትዘጋለች። አንደኛው የዶፓሚን፣ ሁለተኛው የሴሮቶኒን በር ነው። በር የምለው ሐኪሞች «ተቀባይ» የሚሉትን ነው። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው፤ አንዱ ሕዋስ መልእክተኛውን ይለቅቃል፣ መልእክተኛው በሌላው ሕዋስ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲያገኝ መልእክቱ ይደርሳል። ዘጊ መድኃኒት ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እንደማይዞር ቁልፍ ነው። በሩን አይከፍትም፤ እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ግን ሌላውም አይከፍትም።

ሴሮቶኒን የተገኘው የአእምሮን ነገር ሲመረምሩ አልነበረም። በ1930ዎቹ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር ከአንጀት ግድግዳ አንድ ንጥረ ነገር አወጣና «ኢንተራሚን» አለው። በ1948 ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ሞሪስ ራፖርት፣ አርዳ ግሪንና ኧርቪን ፔጅ ከደም ውስጥ የደም ሥርን የሚያጠብብ ንጥረ ነገር ለይተው «ሴሮቶኒን» ብለው ሰየሙት። ፔጅ የደም ግፊት ተመራማሪ ነበር፤ የሚፈልገውም የግፊትን ምክንያት ነበር። ቆይቶ የጣሊያኑና የአሜሪካኑ ግኝት አንድ መሆኑ ታወቀ።

ይህ የደምና የአንጀት ነገር አንጎል ውስጥም ሊኖር ይችላል ብላ የጠረጠረችው ቤቲ ትዋሮግ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ናት። ትዋሮግ ትመረምር የነበረው ሙሰል የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ጡንቻ ነው። የሙሰልን ጡንቻ የሚያላላው መልእክተኛ ሴሮቶኒን መሆኑን ስታይ፣ «በዚህ ፍጡር ነርቭ ውስጥ ካለ በእኛስ ለምን አይኖርም?» አለች። ፔጅ ሐሳቡን ብዙም ባያምንበትም የመሥሪያ ክፍል ሰጣት። በ1953 ሴሮቶኒን በአጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥ መኖሩን ሁለቱ በጋራ አሳተሙ።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ተገጣጠመ። በ1943 ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ኤልኤስዲ የተባለው ንጥረ ነገር ኢምንት መጠን የሰውን ልጅ የሌለ ነገር እንደሚያሳየው በራሱ ላይ አይቶ ነበር። በኤዲንብራ የነበረው ጆን ጋደም በ1953 ይኸው ኤልኤስዲ በእንስሳት ጡንቻ ላይ የሴሮቶኒንን ሥራ እንደሚያግድ አረጋገጠ። በኒው ዮርክ ዲልዎርዝ ዉሊ ከባልደረባው ከሾው ጋር በ1954 አንድ እርምጃ ሄደ። የአንዳንድ የአእምሮ ሕመም ሥር የሴሮቶኒን መዛባት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዉሊ በስኳር በሽታ ምክንያት ዓይኑ የታወረ ሰው ነበር። የማያይ ሰው የሌለውን ነገር ስለማየት ምክንያት መመራመሩ ደጋግሞ ያስገርመኛል።

ሐሳብ ግን ሐሳብ ነው። በሩ የት ነው? ስንትስ ነው? ይህን ለማወቅ ሌላውን ትቶ አንዱን በር ብቻ ለይቶ የሚዘጋ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ለደም ግፊት ታስቦ ለአንጎል የዋለ

ያ ነገር የመጣው ቤልጅግ ውስጥ ቤርሰ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በዚያ የፖል ያንሰን የመድኃኒት ኩባንያ አለ፤ በ1958 ሃሎፔሪዶልን ለዓለም የሰጠው ይኸው ቤት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የኩባንያው ተመራማሪዎች «አር 41 468» የሚል መለያ የሰጡትን ንጥረ ነገር ይፋ አደረጉ። ስሙም ኬታንሰሪን ተባለ። የታሰበው ለደም ግፊትና ለደም ሥር ሕመም ነበር፤ ሴሮቶኒን የደም ሥርን ካጠበበ፣ ሴሮቶኒንን መዝጋት የደም ሥርን ያሰፋል በሚል።

በደም ግፊት በኩል ዕድሉ የሠመረ አይደለም። መጀመሪያ ነገር ግፊት የሚቀንሰው ሴሮቶኒንን በመዝጋቱ ብቻ ሳይሆን፣ የአድሬናሊን ዘመድ የሆነ ሌላ ተቀባይን ጭምር በመዝጋቱ እንደሆነ ታየ። ሁለተኛም የእግር ደም ሥራቸው በጠበበ 3,899 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ1989 ውጤቱ ሲታተም አንድ አደጋ ተገለጠ። ፖታሲየምን ከሰውነት የሚያስወጡ የሽንት መድኃኒቶችን አብረው ይወስዱ በነበሩት ላይ ሞት በዛ፤ ኬታንሰሪን የልብን የኤሌክትሪክ ምት ያዘገያልና። ስለዚህ የተመኙለትን ያህል የሐኪም ቤት ስም ሳያገኝ ቀረ።

በላቦራቶሪ ግን ስሙ ገነነ። ከዚያ ቀደም በ1979 አሜሪካኖቹ ስቲቨን ፔሩትካና ሰሎሞን ስናይደር የሴሮቶኒን ተቀባይ ቢያንስ ሁለት ዓይነት መሆኑን አሳይተው ነበር። በ1982 የቤርሰዋ ተመራማሪ ጆዜ ሌይሰንና ባልደረቦቿ ኬታንሰሪንን ራዲዮአክቲቭ በሆነ ሃይድሮጅን ምልክት አደረጉበት። ምልክት ያለበትን መድኃኒት ከተፈጨ የአይጥ አንጎል ጋር ይቀላቅሉታል፤ ያጣሩታል፤ ከዚያም የት የት እንደተጣበቀ በጨረሩ ይቆጥሩታል። ኬታንሰሪን ሁለተኛውን የሴሮቶኒን በር ለይቶ ይይዝ ነበር። ቁልፍ ሠርቶ በሩን እንደ መፈለግ በሉት።

በ1984 አሜሪካዊው ሪቻርድ ግሌነንና ባልደረቦቹ ይህንን ቆጠራ ለሌላ ጥያቄ አዋሉት። የሌለ ነገር የሚያሳዩ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ ወስደው፣ እያንዳንዱ ኬታንሰሪን በሚቀመጥበት በር ላይ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለኩ። አጥብቆ የሚይዘው በትንሽ መጠን ሰውን ያሳስታል፤ ላላ ብሎ የሚይዘው ብዙ መጠን ይፈልጋል። በሩ ይህ ነው ማለት ነው። ዛሬ የሴሮቶኒን ተቀባዮች ወደ 14 እንደሚደርሱ ታውቋል፤ ይህኛው «ሁለት ኤ» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

በሰው ላይ የተረጋገጠው በ1998 ዙሪክ ውስጥ ነው። ፍራንዝ ፎለንቫይደርና ባልደረቦቹ ለጤነኛ ፈቃደኞች ከአንድ ዓይነት እንጉዳይ የሚገኘውን ሲሎሳይቢን ሰጡ። ቀድመው ኬታንሰሪን ወይም ሪስፔሪዶን የወሰዱት ቅዠቱ ተከለከለላቸው። ዶፓሚንን በዋነኛነት የሚዘጋውን ሃሎፔሪዶል የወሰዱት ግን አልተከለከለላቸውም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው በ2017 የታተመው የእነ ካትሪን ፕሬለር ጥናት ነው። ይህም ዙሪክ ነው። ለፈቃደኞች ሙዚቃ ያሰሟቸዋል፤ አንዳንዱ ለእነሱ ትርጉም ያለው፣ አንዳንዱ ምንም የማይላቸው። ኤልኤስዲ ሲወስዱ ያ ምንም የማይላቸው ሙዚቃ በድንገት የግል ትርጉም ያዘ፤ ለእነሱ ተብሎ የተዜመ ያህል። ኬታንሰሪን ሲቀድም ግን ሙዚቃው ሙዚቃ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህን ያነበብኩት ማታ ነው። ከራሴ በላይ አውሮፕላን ያልፍ ነበር። ወንድም ጋሼ ከወዲያ ክፍል «ሰማሃቸው?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ምንም የለም፣ ተኛ» ማለት አቃተኝ። ለእኔ ሞተር የሆነው ድምፅ ለእሱ ስሙን የሚጠራው፣ ልቡ ወይም ጠባዩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ተራ ድምፅ ላይ «ይህ ያንተ ነው» የሚል ማኅተም የሚመታ አንድ ነገር በእያንዳንዳችን አንጎል ውስጥ አለ። የእሱ ማኅተም ያለ ቦታው ይመታል።

ከዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የኤልኤስዲ ቅዠትና የወንድሜ ሕመም አንድ አይደሉም። የፈቃደኞቹ በሰዓታት ያልፋል፤ የሚበዛውም በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የወንድሜ ዓመታት የፈጀ፣ ድምፅ የበዛበት፣ ሥራና ትዳር ያሳጣ ነው። አንድን በር ስንዘጋ ሰው ከተሻለው ሕመሙ የመጣው ከዚያ በር ነው ማለት አይቻልም። ራስ ምታት በአስፕሪን ስለሚተው ራስ ምታት የአስፕሪን እጥረት ነው እንደማይባለው ሁሉ ማለት ነው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ለስኪዞፍሬኒያ የተፈቀደው አዲስ መድኃኒት ዶፓሚንንም ሴሮቶኒንንም አይዘጋም፤ የሚሠራው አሴቲልኮሊን በሚባል ሌላ መልእክተኛ በር ነው። ቤቱ ብዙ በር አለው።

ያም ሆኖ ያ ምርምር ለሕሙማን ያተረፈው አለ። ሃሎፔሪዶልን የሚወስዱ ሰዎች ሰውነታቸው እንደ እንጨት ይደርቅ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በ1980ዎቹ የኬታንሰሪን ታናሽ የሆነው ሪታንሰሪን ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ ድርቀቱ እንደሚቀንስ ታየ። ታዲያ ሁለቱን በአንድ ክኒን ለምን አንሠራም? አሉ የቤርሰ ሰዎች። ሪስፔሪዶን የተወለደችው ከዚህ ነው፤ በ1993 መጨረሻ አሜሪካ ፈቀደቻት። ድርቀቱን ጨርሳ አላጠፋችም፤ ክብደት ይጨምራል፣ ሌላም ጣጣ አላት። ቢሆንም እናቴ ማታ ማታ በመዳፏ ይዛት የምትቆመው ክኒን የደም ግፊት መርማሪው ፔጅ፣ የትዋሮግ ሙሰልና ዓይነ ስውሩ ዉሊ ያሉበት የረጅም ታሪክ ልጅ ናት።

ክኒኗ አገራችን ስትደርስ

ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን? አማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዓመታት ነው። ለረጅም ዘመን «አማኑኤል ገባ» ማለት የአንድ ሰው ታሪክ አለቀ ማለት ያህል ነበር። በ1960ዎቹ ሮበርት ኺል የሚባሉ ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም አዲስ አበባ ሲሠሩ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ጊዮን፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ወሊሶ ወርደው ስለ መንፈስና ስለ እምነት ፈውስ ጽፈዋል፤ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደሆነም በ1969 አሳትመዋል። በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ2003፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው።

ቡታጅራ ላይ የተሠራው ሥራ ግን ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አስጠየቁ። መጠይቅ ብቻውን እንደማይበቃ ስለተረዱ፣ የመንደሩን ሰው የሚያውቁ ነዋሪዎችንም «እዚህ ሰፈር ማን ታሟል?» ብለው ጠየቁ፤ ብዙ ሕሙማን የተገኙትም በዚህ መንገድ ነው። በ2003 በታተመው ውጤት 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው ታወቀ፤ ከሺህ ሰው አምስት ግድም ማለት ነው። እኔ በዚህ ውስጥ ያየሁት ትልቅ ቁም ነገር፣ የሰፈር ሰው ዕውቀት ከላቦራቶሪ ዕውቀት ጎን ሊቀመጥ መቻሉን ነው። በሩን የሚያውቅ ቤርሰ ነው፤ ቤቱን የሚያውቅ ግን ጎረቤት ነው።

በሩ አንድ፣ መንገዱ ብዙ

አሁን ወደ ወንድሜ ምላስ ልመለስ። መድኃኒት ከአፍ ተነሥቶ አንጎል እስኪደርስ ብዙ ኬላ ያልፋል። ትልቁ ኬላ ጉበት ነው። በጉበት ውስጥ «ሲፕ ቱ ዲ ስድስት» የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሪስፔሪዶንን፣ ሃሎፔሪዶልን፣ አሚትሪፕቲሊንን፣ ኮዴይንንም ከሚለውጡት አንዱ ነው። ሰው ሁሉ በዚህ ኢንዛይም እኩል አይደለም። ይህ የታወቀው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን ውስጥ ሮበርት ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪ ዴብሪሶኪን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ከባልደረቦቻቸው ጋር በራሳቸው ላይ ሲሞክሩ፣ ሌሎቹ ምንም ሳይሆኑ እሳቸው ብቻ ግፊታቸው ወርዶ ተዝለፈለፉ። የእሳቸው ሰውነት መድኃኒቱን መስበር አይችልም ነበር።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንዳንድ ሰው የዚህን ኢንዛይም ጂን ደርቦ ደራርቦ ይይዛል፤ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አምስትም። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን ሳይውል ሳያድር ይበትነዋል። በ1996 ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ከእነ ማግኑስ ኢንገልማን ሱንድበርግ ጋር 122 ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን መርምራ ያሳተመችው ውጤት የዓለምን የመድኃኒት ተመራማሪዎች ያስደነቀ ነው። ከመቶ ሃያ ዘጠኙ ጂኑን ደርበው የያዙ ሆነው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ነው። ለምን? ለሚለው የቀረበው መላምት፣ አያቶቻችን በክፉ ቀን ያገኙትን ቅጠልና ሥር ሲመገቡ መርዙን የሚሰብር ጉበት የነበራቸው ሳይተርፉ አልቀሩም የሚል ነው። መላምት ቢሆንም የረሃብ ታሪካችን በደማችን ሳይጻፍ አልቀረም የሚያሰኝ ነው።

ነገሩ በጂን ብቻ የሚያልቅ አይደለም። የእሌኒ ቡድን በ2002 ስዊድን የሚኖሩና አገር ቤት ያሉ ኢትዮጵያውያንን ሲያነጻጽር፣ አንድ ዓይነት ጂን ይዘው ሳለ አገር ቤት ያሉት ኢንዛይም ዘገም ብሎ ተገኘ። አመጋገብና አካባቢም እጃቸው አለበት ማለት ነው። በ2018 ደግሞ ጫት የዚህን ኢንዛይም ሥራ እንደሚያግድ በኢትዮጵያውያን ላይ በተደረገ ጥናት ታየ። እንግዲህ አስቡት፤ ያው ሰው፣ ያው ክኒን፣ በቃመበት ሳምንትና ባልቃመበት ሳምንት ልዩ ሊሆን ይችላል።

ይህ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ኮዴይንን ይመልከት። ኮዴይን በዚህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ፈጣን የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሞርፊን ያመርትና ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። በዚህም የተነሣ የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ከልክሏል። በ2019 ደግሞ ያው ኢንገልማን ሱንድበርግ ያሉበት ቡድን በኖርዌይ 725 ሪስፔሪዶን የሚወስዱ ሕሙማንን ተከታትሎ፣ በጣም ፈጣኖቹ ከሌላው ይልቅ «አልሠራልኝም» ብለው ወደ ሌላ መድኃኒት የሚቀየሩ መሆናቸውን አሳየ። እርግጥ ነው፣ ሪስፔሪዶን ስትለወጥ የምትሆነው ንጥረ ነገርም ራሱ ይሠራል፤ ስለዚህ ፈጣን የሆነ ሁሉ አይጠቀምም ማለት አይደለም። ቢሆንም ክኒኗን በታማኝነት ውጦ ያልተሻለው ሰው መኖሩ የተረጋገጠ ነው።

ይህን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁ። የአበባው ማሰሮ ትዝ አለኝ። አፈሩን ስጭር ወንድም ጋሼ በረንዳው በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ምንም አላለኝም። ክኒኗ እኮ ወደ ምላስ ሥር አልሄደችም። እኛ የምላሱን ሥር ስንፈትሽ እሷ ምናልባት በጉበቱ ኬላ ላይ ቀርታ ይሆናል።

ምናልባት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድሜ የጂን ምርመራ አልተደረገለትም። ያደረግነው ይህ ነው። ለሌላ ሐኪም ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳን። እሷም ካርዱን ከማገላበጧ በፊት ወንድሜን ራሱን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «እውጣለሁ። አያምኑኝም እንጂ እውጣለሁ» አላት። ሲጋራ፣ ጫት፣ ሌላ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠይቃ፣ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቀየረችለት። ድምፆቹ ጨርሰው አልጠፉም፤ ግን ራቁ። «አሁን እንደ ጎረቤት ቤት ራዲዮ ናቸው» ይላል።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ተነሥቶ መጠን ይጨምር፣ ወይም ክኒን ያቋርጥ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ማድረግ አደገኛ ነው፤ የሐኪም ሥራ ነው። ጸበሉም ቢሆን ከክኒኑ ጋር ጠብ የለውም፤ እናቴ ዛሬም ታመጣለች። የምለው አንድ ነገር ነው። የሰው ልጅ ሙሰል መርምሮ፣ አንጎል ፈጭቶ፣ ለደም ግፊት የሠራው ባይሳካለት ለአእምሮ አውሎ በሩን አግኝቷል። በሩን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በሩ የሁላችንም አንድ ዓይነት ሲሆን ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን የየሰዉ ነው፤ ይህን ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ይልቅ ሊያውቅ የሚገባው ሕዝብ የለም። መድኃኒት ሲያቅተው የመጀመሪያ ተጠርጣሪያችን ለምንድን ነው ሁልጊዜ በሽተኛው የሚሆነው?

ያለፈው ሳምንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ውኃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ወንድም ጋሼ ክኒኑን ዋጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ምላሴን ላንሣ?» አለኝ፤ ፈገግ ብሏል።

«ተው፣ ወንድም ጋሼ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት።

አውሮፕላን አለፈ። ሁለታችንም ወደ ላይ አየን። እሱ ምን እንደሰማ አልጠየቅኩትም፤ ብርጭቆውን ተቀበልኩት።